የዳባቷ ፔጆ

«የቀኙ ብሎን እንቢተኛ ነው! ናፍጣ አጠጣውና ትንሽ ታገሠው!»

ድምፁ የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። አለምነህ መኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ መፍቻውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ባለመኪናው የሺዋስ የመስኮቱ መጋረጃ እንደ ወረደ፣ ከአልጋው ሳይነሣ፣ የትኛው ብሎን እንደ ተነካ በጆሮው ብቻ ዐውቆታል።

«ሰማህ ወይ፣ አንተ የደባርቅ ሰው?»

«ሰማሁ! የታመመው እግርህ መስሎኝ፤ ጆሮህማ ምን ሆነ!»

በሽተኛው ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ።

ሚስቱ ሐመልማል ከመኪናው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ አለምነህ ጎንበስ አለች።

«አያ አለምነህ፣ አደራህን። እየጠገንኳት ነው በለው። ጸበል ልትወስደኝ ነው ብሎ ከትናንት ጀምሮ እህል ቀምሷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር እንዲህ ካሉት አሮጌ ፔጆ ፒካፖች የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ደባርቅ አለምነህ ዘንድ፣ አንዷ ዳባት የሺዋስ ዘንድ። ፋብሪካው እነሱን መሥራት ካቆመ ልጆች ተወልደው ልጆች ወልደዋል። አለምነህ የራሱን በሕይወት ያቆያት በዘዴና በልመና ነበር። ኩሽኔታዋ ከወፍጮ ቤት ሞተር የተነቀለ ነው። የፍሬን ጎማዋ የሌላ መኪና ነው፤ በሞረድ ተሞርዶ ነው የገባው። የራዲያተር ክዳኗ ሜዳ ላይ ከሞተ ትራክተር የተፈታ ነው። ገብስና ድንች ጭና ገበያ ስትገባ የደባርቅ ጎረምሶች «እናቷ ፔጆ ናት፣ አባቷ ግን አይታወቅም!» እያሉ ይስቁባታል። አለምነህም አብሮ ይስቃል። ቤቱን የምታበላው እሷ ናትና ስድቧ አይቆረቁረውም።

ከፋሲካ ወዲህ ሳቁ ቆመ። ከተራራው ከሳንቃ በር ገብስ ጭኖ ሲወርድ ዲፈረንሻሏ ተንኮታኮተ። ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ተቀምጦ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያካፍለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ሞተሩ ቢያገሣ መኪናይቱ ንቅንቅ አትልም። አለምነህ ጎንደር ወርዶ የብረታ ብረት መሸጫውን ሁሉ አሰሰ። የሌላ መኪና ሞከረ፤ አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ጥርሱ አልገጥም አለ። አንዱ ሻጭ በመጨረሻ፣ «አባቴ፣ ለዚች የሚሆን ዕቃ ከመሬት በላይ የለም፤ ይቅበሯትና ይረፉ» አለው። ደንበኞቹ አይሱዙ ወደ ገዛ አንድ ጎልማሳ ተዛወሩ። ሚስቱ በለጠች በጎቿን እየጎተተች ገበያ መውጣት ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው ሐመልማል የደወለችለት። የሺዋስ ሁለት እግሩ አብጦ ከተኛ ሰንብቷል፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤቱ መልሰውታል። እሱ ግን ተስፋ ያደረገው የኪዳነ ምሕረትን ጸበል ነው። ያውም በሰው መኪና አይሆንም፤ «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ በሰው መኪና የምጫነው? በራሴ ካልሆነች አልሄድም» ብሎ የጎረቤቱን ሚኒባስ መልሷል።

«ሰውየው በሕይወት እያለ?» አለ አለምነህ በስልክ፣ የምትለውን ሲሰማ።

«ሲሞትማ ወንድሞቹ ይካፈሏታል፤ ለኔ መሪዋም አይደርሰኝ። ለቀብሩና ለተዝካሩ የማደርገው ነገር ያስፈልገኛል። ዲፈረንሻሏን ትገዛኝ እንደ ሆነ ፈትተህ ውሰደው፤ ባትፈልግ የጎንደሮቹን እጠራለሁ።»

አለምነህ በማግስቱ በጠዋት ገንዘቡን ይዞ መጣ። እንግዲህ አትፍረዱበት አልልም፤ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ዲፈረንሻሉ ወጣ። አለምነህ በጨርቅ ጠረገውና ጥርሶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንድም የተበላ የለም። የሺዋስ መኪናውን ከሚስቱ አብልጦ ይይዛል ይባል የነበረው እውነት ኖሯል። አለምነህ ዕቃውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተና አፉን አሰረው። ጎማዎቹን መልሶ ገጠመ፣ ክሪኩን አወረደ። ከሩቅ ላያት መኪናይቱ ምንም አልጎደለባትም።

«አለቀ?» አለ የመስኮቱ ድምፅ።

«አለቀ!»

«እስቲ አስነሣት።»

አለምነህ ሐመልማልን አያት። እሷ መሬት መሬት አየች። ባትሪው የሞተ ስለ ሆነ በእጅ ማዞሪያው ብረት ሞተሩን አሽከረከረ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ግቢው በጭስ ተሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ «እሰይ የኔ እመቤት! እሰይ!» የሚል ተሰማ።

«ሁለተኛ ማርሽ አስገባ!»

«አስገባሁ!» አለ አለምነህ መሪው ላይ ወጥቶ።

«አሁን ትንሽ ሳባት። ጠጠሩን ልስማው።»

አለምነህ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ አገሣ፤ መኪናይቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እንደገና ሰጠ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ምነው? ጠጠሩን አልሰማሁም እኮ።»

ያን ጊዜ ሐመልማል ከግድግዳው የተደገፈውን አካፋ ብድግ አደረገች። ጎንበስ ብላ በጠጠሩ ላይ ጎተተችው፤ እስከ በሩ ወሰደችው፣ መልሳ አመጣችው። ድንጋዩ ከብረቱ ሥር ክርክርክር አለ። እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን አላቆመም። አለምነህ እግሩን ከአካፋው ጋር እያስማማ ሞተሩን ከፍ ዝቅ አደረገላት።

ከዚያ፣ «ሄደች» የሚል ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ሐመልማል! ጋቢዬን አምጪ። እነ ክንዴን ጥሪልኝ፣ ያንሡኝ። ቀኑ ሳይመሽ ጸበሉ እንድረስ።»

ይኼን ያሰበ አልነበረም። አለምነህ ሞተሩን አጠፋ። ሐመልማል «ነገ ይሻላል፣ ዛሬ ነፋስ ነው» አለች፤ «እግርህ ይረፍ» አለች፤ የሚሰማት ግን አልተገኘም። ጎረቤቶቹ ክንዴና ስጦታ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው በር ላይ ደርሰው ነበር። የሺዋስን በነጭ ጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው አወጡት። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ለሁለቱ እንደ ሕፃን ቀለላቸው። ከፊት ወንበር አስቀመጡት። የሰፈሩ ሴቶች «ኪዳነ ምሕረት ፈውሳ ትመልስህ!» እያሉ ከበቡት።

የሺዋስ እጁን መሪው ላይ አሳረፈ። ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ ጎማው ተመለከተ። ከጎማው ፊት ለፊት የበቀለው ሣር ሳይነካ እንደ ቆመ ነው። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ አካፋውን እስከ አሁን አልጣለችውም። ከእሷ ወደ አለምነህ፣ ከአለምነህ ወደ ከረጢቱ።

አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ነዳጅ አላት?» ሲል ጠየቀ በመጨረሻ።

«አልቋል» አለ አለምነህ ፈጥኖ። «ሮጥ ብዬ ላምጣ።»

«አምጣ እንግዲህ።» የሺዋስ ከወንበሩ ሥር ጀሪካን ጎትቶ በመስኮቱ አቀበለው። «አንተ እስክትመለስ ከዚህች አልወርድም። ሰው ሁሉ ይስማኝ፣ አልወርድም።»

አለምነህ ከረጢቱን ተሸክሞ ሲወጣ ሐመልማል እስከ አጥሩ ተከተለችው። ክንዱን ያዘችው።

«አያ አለምነህ፣ መልሰህ ግጠምለት። የሰጠኸኝን እንዳለ እመልስልሃለሁ። አንዲት ጉዞ ብቻ አድርሰኸው ና፣ ከዚያ ወዲያ ውሰደው። በማርያም!»

«ነዳጁን ላምጣና እናያለን።»

«ዐውቋል እኮ። አላየኸውም? ዐውቆ ነው የተቀመጠው።»

«ሲደክመው ያስገቡታል» አለ አለምነህና ክንዱን ከእጇ አስለቀቀ።

አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ነዳጅ በጠርሙስ የምትሸጥ ሴት ከመንገዱ ማዶ ጥላ ይዛ ተቀምጣለች። ሁለት ጠርሙስ ከፊቷ ይታያል። አለምነህ ቆሞ አያት። ከኋላው፣ ከግቢው በኩል፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ይሰማል፤ ሰውየው የሚሄድ መስሏቸው ነው።

አንድ ሚኒባስ አቧራውን እያቦነነ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው!» ረዳቱ ከበሩ ዘሎ ወረደና ከረጢቱን ሊያነሣ ሞከረ። «ፋዘር፣ የራስ ደጀንን ድንጋይ ነው እንዴ የጫኑት?»

«ብረት ነው። ቀስ አድርገህ ያዝልኝ።»

ከወንበር ሥር ወሸቁት። ተሳፋሪው ጠጋ ጠጋ አለ። ረዳቱ እጁን ወደ ጀሪካኑ ዘረጋ።

«ይኼስ የርስዎ ነው? ላይ ልስቀለው?»

አለምነህ ጀሪካኑን አስፋልቱ ዳር አስቀመጠ።

«የኔ አይደለም» አለ። ገባና በሩን ራሱ ሳበው።