ገጹ የሚገለጥበት ቦታ

መምህር የሻው ገጽ በገለጠ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል። የንባብ ክበቡ ሰዎች ለምደውታል፤ በዚያች ፋታ አንገታቸውን የሚያፍታቱም አሉ። እታገኘሁ ግን ንቅንቅ አላለችም። ዓይኗ የቀበሌው አዳራሽ የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ነበር። ከግድግዳው ማዶ መጋዘኑ ነው፤ ልጇ አዳሙ እዚያ ታስሯል።

አዳሙ ጢም ያበቀለ ጎልማሳ ነው። የሰው ዓይን አያይም። የወደቀ ወረቀት ካገኘ አንስቶ፣ አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። የሰማውን ግን አይረሳም። መድኃኔ ዓለም ቆሞ የሰማውን ቅዳሴ ቤት ገብቶ ከነቄሱ ሳል ሲመልሰው ጎረቤት ይስቃል። «የእታገኘሁ ቤት ሬዲዮ አያሻውም» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ገበያ መካከል ሲፈተሽ፣ ካጣጠፋቸው ወረቀቶች አንዱ የተከለከለ በራሪ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። «ማን ሰጠህ?» ቢሉት «ማን ሰጠህ?» አላቸው። የሚያሾፍ መሰላቸው።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከለየች ወዲህ እታገኘሁ ከክበቡ ቀርታ አታውቅም። የዛሬው ልብወለድ ሲነበብ ደግሞ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። ታሪኩ በሩቅ አገር ነው። የሰው ዓይን የማያይ፣ የተባለውን የሚደግም አንድ ሰው ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ ከዳኛ ፊት ይቆማል። ጥያቄው ሲበዛበት ያላደረገውን አደረግሁ ይላል። ሰዉ ተከዘ። ሊቀመንበሩ ጓድ ክንዱ ራሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ይሄ ምን ዓይነት ዳኛ ነው?» አለ። «ሰውዬው እንደሌላው እንዳልሆነ ዕውር እንኳ ያየዋል።»

እታገኘሁ በነጠላዋ ሥር አማተበች።

«የሻው ወንድሜ፣ ያችን የችሎቷን ድገማት» አለች። «ድምፅህን ከፍ አርገህ። ኋላ ያለነው አልሰማነም።»

መስማቱንስ ሰምታለች። የክንዱ ልብ ይበልጥ ይራራ ብላ ነው፤ ማዶ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው ልጇም የሰው ድምፅ ያግኝ ብላ።

የሻው ድምፁን አንስቶ አነበበ። «አዎን፣ እኔ ነኝ» ይላል የመጽሐፉ ሰው። የሻው ገጹን ገለጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማንም አላዘዘኝም።»

ንባቡ እንዳበቃ ከአውራጃ የመጣ እንግዳ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እታገኘሁ ድፍረቷ ሳይበርድ ተነሣች።

«የኔም ልጅ እንደዚያው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እዚሁ ያደገ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ክንዱ እንግዳውን በጎን አየው። «ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምነው?» አለ እንግዳው። «እዚሁ ሕዝብ ፊት ይጠየቅ። ሸጋ ነው።»

አዳሙን አመጡት። የሲጋራ ወረቀት በጣቶቹ መካከል ያጣጥፋል። እናቱ ልትጠጋው ብትል ጠባቂው በእጁ ገፍቶ መለሳት።

«ጽሑፉን የበተንህ አንተ ነህ?» አለ እንግዳው።

እታገኘሁ በልቧ ጸለየች። አሁን ጥያቄውን መልሶ ይጠይቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በዓይኑ ያያል። መድኃኔ ዓለም፣ እንደልማዱ አድርገው።

አዳሙ ወለሉን እንዳየ አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ የየሻው ነበር፤ ያው መጎተቱ፣ ያው ግርማው።

«አዎን፣ እኔ ነኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ማንም አላዘዘኝም።»

ከእንግዳው በቀር ያላወቀ አልነበረም። ክንዱ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለማድረግ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች እጃቸውን ማየት ያዙ።

«እንግዲህ ከራሱ አፍ ሰማችሁ» አለ እንግዳው እየተነሣ።

እታገኘሁ ዞረች። የሻው ከመቀመጫው አልተነቃነቀም፤ ጣቱ እስካሁን በመጽሐፉ መካከል እንደገባ ነው።

«ገጹን አሳያቸው፣ የኔ ወንድም» አለችው።

 የሻው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ሰዉ ሁሉ ጠበቀ።