ለዘር የቀረችው
አባቴ ኤይናር ለዘር የምትቀረውን አሳማ የሚመርጠው እንደ ሥጋ ነጋዴ ነው፤ ጀርባዋን አይቶ፣ ታፋዋን መታ መታ አድርጎ። በዚህ ዓይኑ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቆንጆ ቆንጆዎቹን አስቀረ፤ ሦስቱም ግልገሎቻቸው ላይ እየተኙ ጨፈለቋቸው። ዘንድሮ ቁርጡን ነገረኝ። ይህቺኛዋም ካላሳደገች ጋጣው ይዘጋል፣ መሬቱም ለጎረቤት ይከራያል። እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከአሳማ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

የቀሩን ሁለት ያልወለዱ ኮረዶች ነበሩ። አንዷ ግዙፍ፣ ጀርባዋ ጠረጴዛ የሚያህል። ሌላዋ ቀጠን ያለች፣ ግራ ጆሮዋ የተቀደደ። አባቴ የቀጭኗን ጀርባ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ሰማያዊ ማለት ሐሙስ ቄራ ማለት ነው።

ደሜ ፈላ። እናቴ በሕይወት ሳለች የምትፈትናቸው በጭድ ነበር። እኔም ለሁለቱም አንዳንድ እቅፍ ወረወርኩላቸውና አባቴን ጠራሁት። ግዙፏ ጭዱ ላይ ዘጭ አለች። ቀጭኗ በአፏ እየለቀመች ጥግ ወስዳ ከመረች፣ አስተካከለች፣ ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ተንበርክካ ቀስ ብላ ተጋደመች።

«አየህ አባዬ? የምትተኛበትን አይታ ነው የተኛችው።»

«የምንፈልገው አልጋ አንጣፊ ነው እንዴ?»

«እናት ነው የምንፈልገው። ጡቷንም ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ አራት ነው።»

«ግትር! ቁርጥ እናትሽን።»

«እሷ ብቻ ነበረች ግትር?»

ሐሙስ ጠዋት፣ መኪናው ከመድረሱ በፊት፣ ግዙፏንም ሰማያዊ ቀባኋት።

«ሁለቱንም ልጫን?» አለ ሾፌሩ ግራ ገብቶት።

«ትልቋን ብቻ» አልኩና የቀጭኗ በር ላይ ቆምኩ።

ሾፌሩ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ በሩ ላይ መቆሜን አየና «ልጄን ሲሰልን ስማት። ጉዱ የሷ ነው» አለ።

በአውራ አሳማ ካስጠቃናት ከሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን በኋላ ቀጭኗ አሥራ ሦስት ወለደች። አንድም አልጨፈለቀችም። ደስታዬ ግን ግማሽ ቀን አልቆየም። አንዱ ግልገል ከጡት ጡት ይዞራል፣ ይገፈተራል፣ ይጮሃል። ጎንበስ ብዬ ስዳብስ ከአሥራ አራቱ ጡቶች ሁለቱ ወደ ውስጥ የገቡ፣ ወተት የማይወጣቸው ናቸው። እንደቆመች ነበር የቆጠርኳቸው፤ አስተኝቼ አንድ በአንድ አልነካኋቸውም። የሕፃን ስህተት።

አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ዞሮ ወጣ። ለጎረቤት ሊደውል ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

የላም ወተት በጡጦ ይዞ ተመለሰ። ጭዱ ላይ እያቃሰተ ተቀመጠ፣ ትርፉን ግልገል ከጃኬቱ ሥር ሸጎጠና ማጥባት ጀመረ።

«በሚቀጥለው ምርጫ» አለ ቀና ሳይል፣ «አስተኝተሽ ቁጠሪ።»