አሥራ ሁለት መስመር

በዚያ ቤት ለገና የተገዛ ስጦታ አይገባም። ሕጉን ያወጣችው እናት ናት፤ በችግር ጊዜ ያወጣችውን፣ ኑሮ ሲሻሻልም አልሻረችውም። በየዓመቱ በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው የልጆቿን ሹራብ ታስወልቅና ትተረትረዋለች። ክሩን አጥባ፣ አንድ አዲስ ቀለም ጨምራ፣ ባደጉት ልክ እንደገና ትሠራዋለች። ወሩን ሙሉ ልጆቹ ጥርሳቸውን ሲያንገጫግጩ ይከርማሉ።

ትልቋ ልጅ ሹራቡን ከነብርዱ ታስታውሰዋለች። በአንዱ ገና ታናሽ ወንድሟ ከልብስ ሳሙና ድመት ቀርጾ ሰጥቷት ነበር። ድንች ነው የሚመስለው። ታጠበችበት፤ ሦስት ቀን አኮረፋት።

አሁን እሷ ፋርማሲስት፣ እሱ ደግሞ ሌላ ከተማ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የእናታቸው ቀኝ እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መንቀጥቀጥ ይዟል። ኪኒኑን ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ አንስታ የምታመጣላት ልጅቷ ናት፤ ጥቂት ቢያስታግስ እንጂ እንደማያድን ከማንም በላይ ታውቃለች።

እናት ግን ለገና የወንድ ልጄን ሹራብ ካልሠራሁ ብላ ሙጭጭ አለች። ክሩ እዚህ ይላላል፣ እዚያ ያመልጣል። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው የልጅቷ ትዕግሥት አለቀ። ለምሳ ቤት ስትመጣ፣ እናቷ ጋደም ባለችበት፣ በዚያ ቀን የተበላሹትን አሥራ ሁለት መስመሮች ተርትራ፣ በልጅነቷ እናቷ እንዳስተማረቻት መልሳ ሠራቻቸው። ሹራቡን ቅርጫቱ ውስጥ እንደነበረ አስቀመጠችው። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች።

በሦስተኛው ቀን እናቷ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ነይ እስኪ ችኩሌ፣ ይሄን እዪ!» ሹራቡን መስኮቱ ጋ ወስዳ ዘረጋችው። «ስሠራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ ዐይኔ ነው እንጂ እጄስ ደህና ነው። መድኃኒትሽ ሠራ!»

«እማዬ…»

«ዝም በይ፣ ሙያሽን አታሳንሺ። ለወንድምሽም ደውዬ ነገርኩት፤ አለቀሰ፣ ሞኝ! የመጨረሻውን እጅጌ እሱ ፊት ነው የምጨርሰው። ከዚያ ያንቺን እጀምራለሁ፤ ክር ግዢልኝ።»

ልጅቷ «ያስታግሳል እንጂ አያድንም» የሚለውን ቃል በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ለስንቱ ተናግራለች። ለዚህችኛዋ ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

«ምን ዓይነት ቀለም?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም። ብትተወው እናቷ በአንድ ቀን መልሳ ልትታመም ነው፤ ብትቀጥል ውሸቱ በየቀኑ አሥራ ሁለት መስመር ያድጋል። ቀጠለች።

በገና ጠዋት ወንድሟ መጣ። እንደ ልማዱ ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨ።

«እቴቴ፣ እውነት ዳነች?»

«ግባና ጫማህን አውልቅ» አለችው።

እናት ወንበሯን መሀል ላይ አደረገች፤ ልጆቿን ፊት ለፊት አስቀመጠች፤ ጀመረች። ክሩ አመለጣት። እጇን አሻሽታ «ቀዝቅዞብኝ ነው» አለችና ደገመች። አሁንም አመለጣት።

«ተመልካች በዝቶብሽ ነው» አለ ወንድ ልጇ እየሳቀ። «በይ ዞርኩልሽ!» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናት አልሳቀችም። አሁን የሠራችውን ከትናንቱ ጋር አስተያየች። አውራ ጣቷን በጠባቦቹ መስመሮች ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደችው። ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«ዛሬም እንደ ልጅነትሽ ክሩን ታጠብቂዋለሽ» አለቻት።

እናቷ ሹራቡን ከነመሥሪያው አንስታ ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

«በይ ጨርሺው። እጅጌውን ረዘም አድርጊ፤ ክንዱ ረጅም ነው፣ እንዳያጥርበት።»

እናት ቀኝ እጇን በግራዋ ሸፍና ተጫነችው። ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ።

«ልዙር?» አለ ወንድሟ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ።

እህቱ ክሩን ላላ አድርጋ ያዘችና መሥራት ጀመረች።