ጎማው ላይ ያነበብኩት ቁጥር

ልጄ የሺዋስ የፋብሪካ ሠራተኞችን በሚኒባስ ወደ ቂሊንጦ ያመላልሳል። ዛሬ ጠዋት፣ ትናንት ባስገባው ያገለገለ ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣቴ እየተከተልኩ "1412" ብዬ አነበብኩለት። ማንበብ ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነውና ኮራሁ።

"መጀመሪያው ሳምንቱ፣ መጨረሻው 12 የተሠራበት ዓመት ነው፣ እማ። 2012 ማለት ነው። ገና ስድስት ዓመቱ፣ ጥርሱም አላለቀም" ብሎኝ ሄደ።

ደስ ብሎኝ ለሰፈራችን ጎሚስታ ለረሻድ ነገርኩት። እሱ ግን ሥራውን አቆመ።

"እትዬ ብዙወርቅ፣ ጎማ ላይ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ 2004 መሆኑ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት! ጥርሱ ቢያምርም ደርቋል፣ ሲሮጥ ይፈነዳል።"

ለልጄ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ሰው ጭኖ ሲበር ታየኝ። በአራተኛው አነሳ።

"የት ነህ?"

"ቃሊቲ፣ ሰው እየጫንኩ ነው። ምነው?"

"እንዳትንቀሳቀስ! ውረድና የጎማውን ጎን እየው።"

"ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ እኮ እረፍት የለንም" ብሎ ሳቀ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ጎማውን በእጁ ሲመታ ተሰማኝ።

"የሺ!"

"እማ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቋል" አለኝ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ "ውረዱ፣ ሁላችሁም ውረዱ!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁት።