ወዲያው ይመልሳል

ኩምሳን ለማትረፍ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ስኳር ውኃና ቶሎ የሚደርስ ሰው ብቻ ነበር። መልከጼዴቅ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ መሣሪያውንም የሠራው ለዚሁ ነው።

ኩምሳ የእናቱ ወንድም ነው። እናቱ ስትሞት መልከጼዴቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሰበታ አምጥቶ ያሳደገው እሱ ነው። በአሮጌ ፒካፑ ከሱሉልታ ወተት ጭኖ ለቡራዩ ሱቆች ያከፋፍልና ወደ ሰበታ ይመለሳል። ስኳር ከያዘው ስድስት ዓመት ሆኖታል። መርፌውን ተወግቶ ቁርስ ሳይቀምስ ከወጣ ያልበዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ እንደ ሰካራም ይለፈልፋል፣ ከዚያ ጭልጥ ይላል። አንድ ጊዜ ቡራዩ ላይ መሪውን እንደ ያዘ ራሱን ስቶ፣ ባለሱቆች ስኳር በጥብጠው ቢግቱት በሩብ ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ "ወተቴን ማን ነካው?" ብሎ ተጣላቸው።

በማግስቱ ሚስቱ ዱርሲቱ መልከጼዴቅን ያዘችው።

"መልኬ፣ አንተ እንደሆነ ሽቦ ስትነካካ ነው የምትውለው። ስልክ ሳያነሣ ሲቀር የት እንዳለ የሚነግረኝ ነገር ሥራልኝ። ስሞትልህ።"

መልከጼዴቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ይሠራል። የሽቦውን ሙያ ያስተማረው የለም፤ ከስልኩ ላይ እያየ፣ እያቃጠለ የተማረው ነው። ከመርካቶ ያመጣትን የክብሪት ሣጥን የምታህል ጂፒኤስ፣ ሲም ካርድ የሚገባባት ሰሌዳና የአሮጌ ስልክ ባትሪ አንድ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አጭቆ ከዳሽቦርዱ ሥር አሰረው። ጂፒኤሷ የምትሠራው በመኪናው ባትሪ ነው፤ መልእክት የሚቀበለው ክፍል ግን የራሱ የስልክ ባትሪ ስላለው መኪናው ቢጠፋም ይመልሳል። ዱርሲቱ "የት" ብላ ስትልክ መሣሪያው መልከጼዴቅ ስም ከሰጣቸው ቦታዎች አንዱን ይጠራል፦ ዓለም ገና፣ ቡራዩ መናኸሪያ፣ ሱሉልታ ወተት መሰብሰቢያ።

ችግሩ መዘግየቱ ነበር። ጂፒኤሷ ሳተላይቶቿን አግኝታ ያለችበትን እስክታውቅ አንድ ደቂቃ ይበቃታል ተብሎ ነበር፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች። እስከዚያ ለዱርሲቱ የሚደርሳት መልስ አንድ ነው፦ "እየፈለግኩ ነው።"

ይህን ዓለም ገና ያለው የአደም ጋራዥ ሰማ። አደም የኩምሳን ፒካፕ የሚጠግነው መካኒክ ነው፤ ቀልዱ እንደ እጁ ቅባት የማይለቅ ሰው ነው።

"አካም፣ ዶክተር ሳተላይት!" ይለዋል መልከጼዴቅ ሲመጣ። "ዛሬስ ተገኙ? ካልሆነ መሰላል ልስጥህና ወጥተህ ልቀማቸው።"

ኩምሳም ያግዘዋል። "እኔ ሱሉልታ ደርሼ ወተቴን ጭኛለሁ፤ የልጄ ሳሙና ገና ከሰበታ አልወጣችም።"

ጋራዡ ይስቃል። መልከጼዴቅም አብሮ ይስቅና ቤቱ ሲገባ ምግብ አይወርድለትም።

ሦስት እሑድ ታገለ። አንቴናውን ከብረቱ ሥር አውጥቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈው፤ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካው ቻርጀር እየረበሸ ይሆናል ብሎ ነቀለው፤ ያው ነው። ሽቦውን ሁሉ እንደገና በየደ። በመጨረሻ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኩምሳ ጎን ተቀመጠና መሣሪያዋ ስትነቃ የምትጽፈውን አየ። ቀኑ በፈረንጆቹ 1980 ይላል። ሰዓቱን፣ ትናንት የነበረችበትን፣ ሳተላይቶቹ በየት በኩል እንደሚወጡ፣ ሁሉን ረስታለች። በየጠዋቱ እንደ አዲስ ነው የምትወለደው።

ለምን እንደምትረሳ ያወቀው ኩምሳ ሱሉልታ ደርሶ ሲያቆም ነው። ሽማግሌው ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተና ሽቦውን ከባትሪው ጋር የሚያያይዘውን ሞርሴቶ ነቅሎ ሽቦውን ወደ ጎን አጠፈው። እጁ ሥራውን ሲሠራ እሱ ከወተት ተረካቢዋ ከሄመን ጋር እያወራ ነው።

"ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው እንዴ የምትነቅለው?"

"ባቆምኩ ቁጥር። ባትሪው አርጅቷል፤ ካልነቀልኩት ይጠጣብኛል። ለሌባም መላ ነው።"

"አትንቀለው። መሣሪያዋ ኃይል ሲቋረጥባት ሁሉንም ትረሳለች።"

"እና ስትረሳብኝ አንተ ትገፋኛለህ?" ሄመን ሳቀች። እሱም ሳቀ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ መኪናው ሲቋረጥ ትዝታዋን የምትጠብቅላት አንዲት የእጅ ሰዓት ባትሪ መበየድ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መልከጼዴቅ ባትሪዋን ገዝቶ ኪሱ ከተታት።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዱርሲቱ ጋራዥ መጣች። ኩምሳ ገና ከመንገድ አልተመለሰም። ሰው በተሰበሰበበት "የት" ብላ ላከች፤ "እየፈለግኩ ነው" አላት። ጠብቃ ደገመች፤ ያው ነው። አደም ስልኩን ከእጇ ወስዶ ለሰዉ ጮክ ብሎ አነበበው። ዱርሲቱ ግን አልሳቀችም። ለመልከጼዴቅ ከሳቁ የከፋው ይኸው ነው።

"ተወው መልኬ" አለችው ስልኳን እየተቀበለች። "ላንተ አልተፈጠረም። ማሽንህን እያጎረስክ ኑር።"

ያሳደገችው ሴት ናት። ሌላ ሰው ቢናገረው ባልቆጠረው።

በማግስቱ እሑድ መበየጃውን አላነሣም። ላፕቶፑን ከፈተና "እየፈለግኩ ነው" የሚለውን ቃል አጥፍቶ በቦታው አንዲት መስመር ጻፈ፦ ያለሽበትን የማታውቂ ከሆነ፣ መጨረሻ የነበርሽበትን ንገሪ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጂፒኤሷ ብትረሳም፣ የራሱ ባትሪ ያለው ክፍል የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ይቆያል። ሰኞ ዱርሲቱ ስትልክ መሣሪያው ዓይኗን ሳትጨፍን መለሰላት። አደም አጨበጨበ። ኩምሳ የመልከጼዴቅን ራስ በሰፊ መዳፉ ይዞ ነቀነቀው፤ በልጅነቱ ፈተና ሲያልፍ እንደሚያደርገው። የሰዓቷ ባትሪ ኪሱ ውስጥ ቀረች። ለሚመጣው እሑድ አቆያት።

ኩምሳ ሐሙስ ጠዋት ሱሉልታ ደረሰ። አቆመ፣ ሞርሴቶውን ነቀለ፣ ወተቱን ጫነ፣ መልሶ ሰካና አንድ ሰዓት ላይ በአቋራጩ ኮረኮንች ወደ ቡራዩ ተነሣ። ሩብ ሰዓት እንደ ነዳ ላብ አጠመቀው። መኪናውን ወደ ባሕር ዛፉ ውስጥ አስጠግቶ አቆመ። አእምሮው ሲደክም እጁ የለመደውን አልረሳም፦ ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞርሴቶውን ነቀለ። ከዚያ ጋቢና ገባ። ጂፒኤሷ ያለችበትን ገና አላወቀችም ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዱርሲቱ ደወለች፤ አያነሣም። "የት" አለች። "ሱሉልታ ወተት መሰብሰቢያ።" ወዲያው። ወደ ሄመን ደወለች።

"ኧረ አዴ ዱርሲቱ፣ ኦቦ ኩምሳ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቷል።"

እንደገና "የት" ላከች። "ሱሉልታ ወተት መሰብሰቢያ።" ስልኳን ይዛ ወደ አደም ሄደች። የአደም አፍ አይሰንፍም።

"እዚያ ከሆነና እዚያ የለም ካለችሽ፣ ነገሩን ራስሽ ደምሪው እንጂ። ሄመንን አይተሻታል? ወተት ናት!"

ዱርሲቱ ፋብሪካ ወደ መልከጼዴቅ ደወለች። ማሽኑ ይጮኻል፤ ሁለት ባልደረቦቹ ጎኑ ቆመው ያዳምጣሉ።

"መልኬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዕቃህ ሱሉልታ ነው ይለኛል፣ ሄመን አንድ ሰዓት ላይ ወጥቷል ትላለች። ማንን ልመን? ልጅቷን ወይስ ያንተን ዕቃ?"

ያቺን መስመር አሰባት። አላሰብኳትም ሊል አይችልም። እየፈለግኩ ነው የሚለው ቃል፣ የጋራዡ ሳቅ፣ ማሽንህን እያጎረስክ ኑር፣ ሁሉም ባንዴ መጡበት።

"መሣሪያ አይዋሽም፣ እትዬ" አላት። "የሚዋሸው ሰው ነው።"

ዱርሲቱ ፈላጊ አልላከችም። "ሲጠግብ ይመጣል" ብላ ልብሷን ልታጥብ ተቀመጠች። ግን በየመሐሉ እጇን እያደረቀች "የት" ትላለች። አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሱሉልታ አላት።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሞቶ ያገኙት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እጁ ውስጥ ከረሜላ ነበር፤ ወረቀቱ አልተላጠም። ሐኪሙ እስከ ቀትር በሕይወት ሳይቆይ እንደማይቀር ተናገረ። ይህን ባይናገር ምን ነበረበት።

በሦስተኛው ቀን ሄመን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ወደ ሐዘኑ ድንኳን መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች ገባች። ዱርሲቱ ከፍራሹ ተነሣች።

"ባኢ! ውጪልኝ! እዚህ ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"አዴ ዱርሲቱ፣ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቷል ብዬሽ ነበር። ያኔ ብትፈልጉት..."

"ይኸው!" ዱርሲቱ ስልኳን ለድንኳኑ ሰው ከፍ አደረገች። "አሥራ አንድ ጊዜ! እስከ ስምንት ሰዓት አንቺው ዘንድ ነበር። አድክመሽ የላክሽብኝ አንቺ ነሽ! መልኬ፣ አንተ ንገራት። ዕቃህ ይዋሻል?"

ሰው ሁሉ ወደ መልከጼዴቅ ዞረ። ሄመንም አየችው። ሱሉልታ ላይ ሞርሴቶው ሲነቀል አብራ ቆማ የሳቀች ናት። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነጻ ያወጣት ነበር።

"አይዋሽም" አለ መልከጼዴቅ።

ሄመን ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከኋላዋ አንዲት ሴት እንትፍ አለች። በወሩ ከወተት መሰብሰቢያው ሥራዋን ትታ ሄደች ተባለ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረው የለም፣ እሱም አልጠየቀም።

ከአርባው በኋላ አደም ጠራው። አሁን ዶክተር ሲለው አይስቅም።

"ሥራ መጣልህ። የሞተን ሰው ያጋለጠ ዕቃ ተብሎ ከሰበታ እስከ መናገሻ ተወርቷል። ሴቱ ሁሉ ባሉ መኪና ላይ ይታሰርልኝ ይላል።"

የመጀመሪያውን ቡራዩ ለምትኖር ነጋዴ በንጹሕ ልቡ ሠራላት። ከኪሱ ያልወጣችውን የሰዓት ባትሪ በየደባት። ያቺን መስመር አጠፋት፤ እየፈለግኩ ነው የሚለውን መለሰው። ሴትዮዋ በሳምንቱ የሳሙና ማስቀመጫውን ይዛ መጣች።

"ይሄ ይንተባተባል" አለችው። "ባሌ መኪናውን ከፎቅ ሥር ምድር ቤት ሲያቆመው እየፈለግኩ ነው፣ እየፈለግኩ ነው ይለኛል። የዱርሲቱ እንዲህ አልነበረም። የሷ ለምን ቶሎ መለሰ?"

አደም ከመኪና ሥር ራሱን ብቅ አድርጎ መልሱን ይጠብቃል።

መልከጼዴቅ የሴትዮዋን ፊት አየ፣ የአደምን ፊት አየ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተና መስመሯን በነበረችበት ቦታ መልሶ ጻፋት። አምስት ደቂቃም አልፈጀበት።

"አሁንስ?" አለች ሴትዮዋ።

"አሁን ወዲያው ይመልሳል።"