ሁለተኛው ደወል

አናጢው መቀመጥ አቅቶታል። ከአግዳሚው ይነሳል፣ እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። ሚስቱ ከማለዳ ጀምሮ ማዋለጃ ክፍል ናት። ባለፈው ጊዜ ልጁ ሞቶ ተወልዶ፣ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ደግሞ ዛሬ «ፈጣሪህን ለምን» ብሎት ገባ። እስቲ አሁን ይሄ ለተጨነቀ ሰው የሚባል ነገር ነው?

«አንተ ሰውዬ፣ አረፍ በል! መሬቱን ጨረስከው እኮ» አሉት አማቱ።

«እማማ፣ ምንም ድምፅ የለም።»

«ደወሉ ይነግርሃላ! ምን አስቸኮለህ?»

አማቱ ሲጨንቃቸው ያወራሉ። ሲደሰቱም ያወራሉ፤ ያው ነው። የሆስፒታሉን ታሪክ እንደ አዲስ ጀመሩት። ይሄ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ሳይኖር፣ ሦስት የካቶሊክ መነኮሳት መጥተው እዚሁ ቦታ አንድ አሮጌ መጋዘን ተከራዩ። አልጋ የላቸውም። በሩን ነቅለው ሁለት በርሜል ላይ አጋደሙትና የመጀመሪያዋን ወላድ አስተኙበት።

«ያቺ ወላድ እናቴ ናት! እኔ በር ላይ የተወለድኩ ሴት ነኝ። ለዚህ ነው አፌ የማይዘጋው!»

ሌላ ቀን ቢሆን አናጢው ይስቅ ነበር።

መነኮሳቱ ያኔ ቋንቋውን አያውቁም። ደጅ ለሚጠብቀው ዘመድ የሚሉት ቢጠፋቸው ደወል ሰቀሉ። ሁለቴ ከተደወለ በሰላም ተገላገለች ማለት ነው፤ አንዴ ከሆነ ግን ሞት ነው። ቋንቋውን ከለመዱ በኋላም ደወሉን የሚተው ጠፋ። ሁለቱ አርፈው የመጨረሻዋ፣ ሰፈሩ «እማሆይ ደወል» የሚላቸው አሮጊት፣ ዛሬም ማዋለጃው የውስጥ በር አጠገብ ተቀምጠው ገመዱን ራሳቸው ይስባሉ። አዲሱ አስተዳዳሪ «በስልክ ዘመን ደወል ምን ያደርጋል?» ቢላቸው፣ «ስሞት ታወርደዋለህ» ብለው አፉን አስያዙት። አናጢው ራሱ በቅርቡ የደወሉን እንጨት ሲጠግን፣ «ገመዱ ይከብድዎታል፣ ለሌላ ሰው ይስጡት» ብሏቸው ነበር። «ለአንተ ልጅ ደውዬ ነው የምሰጠው» ብለው ሳቁበት።

ዛሬ ማዋለጃው ውስጥ ከእሱ ሚስት በቀር ሌላ ወላድ የለም።

ደወሉ ተደወለ።

አናጢው ባለበት ቆመ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሁለተኛውን ጠበቀ። የለም። አሁንም ጠበቁ። ወይ ፍንክች! ዘበኛው ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ።

አናጢው ክው አለ። ሲሚንቶው ላይ ዘፍ አለ። እኚያ አፋቸው የማይዘጋው አማቱ አፋቸውን ከፍተው ድምፅ አልወጣ አላቸው። ሲወጣላቸው ደግሞ፣ «ልጄን! ልጄን! ምነው እኔን በወሰደኝ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ።

አዋላጇ በግቢው በኩል ያለውን በር ከፍታ ብቅ ያለችው ያኔ ነው፤ ፊቷ በሳቅ ተሞልቷል።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ሴት ልጅ ናት፤ እናትየውም ደህና ናት! እንዴ፣ ምን ሆናችሁ?»

«አትቀልጂብን!» ብሎ ጮኸ አናጢው። «አንዴ ነው የተደወለው!»

«ምን አንዴ? ልጅቷ እንደወጣች ‹እማሆይ፣ ተወለደች!› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ገመዱን ሲይዙ እያየሁ ነው በሩን የዘጋሁት፤ በሌላኛው በኩል ነው ወደ እናንተ የመጣሁት...»

ቃሏን ሳትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። ዞራ ሮጠች። አናጢውም ተከትሏት ሮጠ።

እማሆይ ወንበራቸው ላይ ናቸው። አንገታቸው ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሏል፤ ገመዱ እጃቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነው። አዋላጇ የደም ስራቸውን ዳሰሰች፣ ደረታቸው ላይ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ከዚያ እሷም መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን እኮ... አሁን እየሳቁ ነበር» አለች።

አናጢው ማመን አቃተው። ከበሩ ጀርባ ልጁ ታለቅሳለች። ሚስቱም በደከመ ድምፅ ተጣራች።

«እናንተ! አንዴ ነው የሰማሁት። ማነው የሞተው?»

አናጢውና አዋላጇ ተያዩ።

«ማንም!» አለ አናጢው። «ማንም አልሞተም። እማሆይ እየደወሉልሽ ነው፣ ስሚ!»

ገመዱን ከእጃቸው ሊፈታ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ስለዚህ ገና ያልቀዘቀዘ እጃቸውን በእጁ ውስጥ አድርጎ አብሯቸው ሳበ። ሁለተኛው ደወል ተደወለ።

ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የአማቱ ድምፅ ነው። አናጢው የእማሆይን እጅ እንደያዘ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ ወጥቶ ዝም በሉ ማለትም፣ አብሯቸው እልል ማለትም አቃተው።