ቀይ ክር ያለባት አንሶላ

በስብሰባው ቀን ጠዋት ኛኪም የጎረቤቷን የየኔነሽን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ማስረጃዋ ታጥቦ፣ ተተኩሶና ተጣጥፎ በርጩማ ላይ ጠበቃት።

«እትዬ የኔነሽ፣ አጠቧት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? እንዲያ ጠቁራ ሹማምንት ፊት ይዣት ልቅረብ?»

አንሶላዋን ሁለቱ ሴቶች ሰባት ቀን ሙሉ አጥር ላይ የሰቀሏት ጭስ እንዲያጠቁራት ሆን ብለው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ ከእንግዶቹ መስኮት አርቆ ወደ እነሱ ግቢ አዙሮታል። ለእንግዳው አፍንጫ እንዲህ የተጨነቀ ሰው፣ የኛኪም የአራት ዓመት ልጅ አዲዩ ደረቷ ሲጥ ሲጥ እያለ ቁጭ ብላ ስታነጋ ደንታው አልነበረም። ሐኪሙ «ጭሱን አርቁላት» ብሎ ሸኝቷቸዋል፤ እናትየው ጭሱን በጓዟ ይዛ የመጣች ይመስል።

መንግሥት የአየር ጥራት ደረጃ እያረቀቀ ነዋሪውን አስተያየት ሲጠይቅ፣ ኛኪም አርባውን ገጽ አንብባ ጨረሰች። ጄኔሬተር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ግማሹ ጁባ በጄኔሬተር እየበራ፣ አርቃቂዎቹ ራሳቸው በጄኔሬተር ብርሃን እየጻፉ፣ ቃሉን ሊጽፉት አልደፈሩም። አስተያየት የሚሰጥበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

«እድፏ እኮ ነው ማስረጃችን፣ እትዬ።»

የኔነሽ የአንሶላዋን ጥግ ገለጠች። ቀይ ክር ተሰፍቶበታል። አሥራ አምስት ዓመት የጁባን ሆቴሎች አንሶላ ስታጥብ፣ ከሌላ አጣቢ እንዳይቀላቀልባት በእያንዳንዱ አንሶላ አንድ ጥግ የምትሰፋው ምልክት ነው። «ይሄ እያለባት እንዴት ብዬ? ‹የየኔነሽ እጥበት ይሄ ነው› እንዲሉኝ? ሁለቴ ነው የቀቀልኳት።» ከዚያ የኛኪምን ፊት አየችና ድምጿ ዝቅ አለ። «ማሊሽ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ኛኪም ይቅር ለማለት ጊዜ አልነበራትም። በቦዳቦዳ ሞተር ተፈናጠው፣ ንጹሕ አንሶላቸውን ታቅፈው፣ ስብሰባው ወደሚካሄድበት፣ አማራት ሰፈር ወዳለው ሆቴል ሄዱ።

ሰብሳቢው ስቴፈን የተባለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሹም ነበር። ኛኪም ተነስታ ጠየቀች፦ የጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ከፍ ይበል፤ ይህችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ትግባ። የልጇንም ነገር ተናገረች።

የሆቴል ባለቤቶችን የወከለው ምንያህል የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ሳል ከከሰልም፣ ከአቧራም፣ ከጉንፋንም ይመጣል ብሎ ለጉባኤው በእንግሊዝኛ አስረዳ። ከዚያ ወደ ኛኪም ዞሮ፣ ከየኔነሽ ጋር ስታወራ ሰምቷት ኖሮ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ እንባ መለኪያ አይሆንም» አላት።

ኛኪም ደሟ ፈላ። የምትመልሰው ቃል ሁሉ ስድብ ስድብ ስለሸተታት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያኔ ነው ከአዳራሹ ጀርባ የሚያጓራውን የሰማችው። የሆቴሉ ጄኔሬተር።

«ስብሰባው እስኪያልቅ ስንት ሰዓት አለን?» አለችው ስቴፈንን።

«ከነምሳው ሦስት ሰዓት ያህል።»

«እንግዲያው አንድ አንሶላ ልስቀል። ቦታውን እኚህ ሰው ይምረጡልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ምንያህልም እየሳቀ ተነሳ፤ አብረው ወደ ጓሮ ወጡ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጭስ የማይደርስበት ጥግ አልመረጠም፤ ጄኔሬተሩ አጠገብም አይሆንም ብሎ የጎረቤት ቤት ከሚጀምርበት አጥር ላይ አሰቀለላቸው። የኔነሽ አንሶላዋን ውሃ ነክራ ጨመቀችና በአራት መቆንጠጫ ወጥራ ሰቀለቻት። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬስ አቆሽሻት» ስትል ኛኪም ሰምታታለች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ራሱ ስቴፈን መቆንጠጫዎቹን ነቀለ። ከሥራቸው አራት ነጫጭ ምልክቶች ቀርተዋል፤ የቀረው ጨርቅ ዳመና የቋጠረ ሰማይ መስሏል። አንድ ሰው በጣቱ ነክቶ ጥላሸቱን አየ፤ ከዚያ ሌላው ነካ። ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ የሳቀ አልነበረም።

«ይቺ የጠዋቷ ለመሆኗ ምን ማረጋገጫ አለን?» አለ ምንያህል። «ምሳ ላይ ማንም ቀይሯት ይሆናል።»

ኛኪም የኔነሽን አየቻት። ሴትየዋ የአንሶላዋን አንድ ጥግ በአውራ ጣቷ ሸፍና ቆማለች። ሆቴሎቹ ደንበኞቿ ናቸው፤ በአዳራሹም ውስጥ ግማሾቹ ያውቋታል። እንዲህ የቆሸሸ አንሶላ ላይ ምልክቷን ሊያዩ ነው። ጣቷን አነሳች።

«ምልክቴ ናት» አለች። «ጠዋት ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያቆሸሻት ግን ሌላ ነው።»

ምንያህል ቀዩን ክር ጎንበስ ብሎ አየ። ራሱ የሚሠራበት ሆቴል አንሶላዎችም ላይ ያለ ክር ነው፤ ባለክሯ የቆሸሸ አንሶላ ለማንም አስረክባ እንደማታውቅ ያውቃል። ተመልሶ ተቀመጠ።

ስቴፈን ዐረፍተ ነገሯን በረቂቁ ላይ ጻፈ። ኛኪም አላመነችውም፤ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረገችው፣ አስፈረመችው፣ በስልኳም ፎቶ አነሳችው። ረቂቅ ሕግ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ እንዴት እንደሚሞትም ታውቃለች። ግን ስትወጣ ምንያህል በር ላይ ጠበቃት።

«የእንግዳ ማረፊያው ሰውዬ የማኅበራችን አባል ነው» አላት ወደ መሬት እያየ። «ሕጉን ምን አስጠበቀው፤ ጭስ ማውጫውን ከጣሪያ በላይ የሚያስረዝም በያጅ ነገ እልክበታለሁ።»

«ነገ ስንት ሰዓት?» አለች ኛኪም።

«አንቺ ደግሞ አትለቂም። ሦስት ሰዓት።»

ወደ ኋላ ስትመለከት የኔነሽ አልተከተለቻትም። ጠረጴዛው ጋ ከስቴፈን ጋር አንሶላዋን ግራና ቀኝ ይዘዋል።

«መዝገቡ ውስጥ ትቀመጣለች» ይላል ስቴፈን።

«ከነእድፏ?»

«ከነእድፏ፣ እማማ። እንዳትታጠብ።»

የኔነሽ አንሶላዋን ከእጁ ወስዳ፣ ለደንበኛ እንደምታደርገው ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ አጣጠፈቻት፤ ቀይ ክሩም ከላይ እንዲታይ አድርጋ አስረከበችው።